ቁልፍ ያዡ ሲከሰስ፦ የማረሚያ ቤት ፖሊሶች የዲሲፕሊን ምርመራ ዕድሜና ውጤት

(በሜክሲኮ አካባቢ ለሕዝብ ክፍት በነበረ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ነው።)



በዚህ የሥራ መውጫ ሰዓት የሜክሲኮን የታክሲ ሰልፍ ትታችሁ ወደዚህ አዳራሽ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማነሳው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ታራሚ በአንድ የማረሚያ ቤት ፖሊስ ላይ አቤቱታ ካቀረበበት ቀን አንስቶ ውሳኔ እስከሚሰጥበት ቀን ድረስ ምን ያህል ጊዜ ያልፋል? በመጨረሻስ ፖሊሱ ምን ይሆናል? አቤት ባዩስ?

የጊዜና የውጤት ጥያቄዎችን ዘወትር ለየብቻ እናያቸዋለን። ጊዜን የአሠራር ቅልጥፍና ጉዳይ፣ ውጤትን ደግሞ የፍትሕ ጉዳይ አድርገን እንወስዳለን። የእኔ መከራከሪያ ይህ ክፍፍል ከማረሚያ ቤት አጥር ውስጥ አይሠራም የሚል ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ውጤቱን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው ራሱ ነው። ስለዚህም የፋይሉን ዕድሜ መቁጠርና ቁጥሩን ለሕዝብ መግለጽ የጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ ሳይሆን የመብት ጥበቃ ሥራ ነው።

ካለንበት ሥፍራ ልጀምር። ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው ያ ረጅም ሕንጻ የቆመበት ግቢ፣ ቀድሞ ሕዝቡ «ከርቸሌ» እና «ዓለም በቃኝ» ሲል የሚጠራው ወህኒ ቤት ነበረ። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል የቀድሞ ሹማምንትንና ሌሎች እስረኞችን በአንድ ሌሊት አስገደለ፤ አብዛኞቹም የተረሸኑት በዚሁ ወህኒ ቤት ነው። የባለሥልጣናቱን ጉዳይ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራ ላይ እያለ፣ የኮሚሽኑ ምርመራም ሆነ የፍርድ ቤት ክርክር ሳይጠበቅ ግድያው ተፈጸመ። ድርጊቱ ከሌሎች ወንጀሎች ጋር ተጠቃሎ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረበ። ችሎቱ በ1987 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። በአንድ በኩል አንድ ሌሊት፣ በሌላ በኩል 32 ዓመት።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ከዚያ ጋር የሚመጣጠን ስለሆነ አይደለም። የዲሲፕሊን ፋይል ትንሽ ነገር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ከአምስት ገጽ አይበልጥም። ነገር ግን ሁለቱን የጥፋት ጫፎች በአንድ ቅጥር ግቢ ታሪክ ውስጥ ያሳየናል። ምርመራ የሌለበት ፍጥነት ፍትሕ አይደለም፤ ትውልድ አልፎ የመጣ ውሳኔም ለብዙዎቹ ተበዳዮች አይደርስም። የእኛ ሥራ በሁለቱ መካከል ያለውን ተገቢ ጊዜ መፈለግ ነው።

በቀድሞው የአገራችን የፍርድ ሥርዓት «ቁራኛ» የሚባል ልማድ እንደነበረ ታውቃላችሁ። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ ነገራቸው እስኪቆረጥ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ይቆዩ ነበር። ልማዱ ዛሬ የሚናፍቀን አይደለም። ሆኖም አንድ ጥበብ ነበረበት፤ የመዘግየቱ ሸክም በሁለቱም ላይ እኩል ይወድቅ ነበር። ዳኛው ባዘገየ ቁጥር ከሳሹም ተከሳሹም አብረው ይቸገራሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም ውሳኔውን ያፋጥናሉ።

በማረሚያ ቤት ያለው መቆራኘት ከዚህ የተለየ ነው። አቤት ባዩና አቤት የተባለበት ፖሊስ በአንድ ግቢ ይውላሉ፣ ያድራሉ። ነገር ግን ቁልፉ በአንደኛው እጅ ብቻ ነው። ቤተሰብ ለጥየቃ ሲመጣ የሚያስገባው፣ ሲታመም ወደ ክሊኒክ የሚሸኘው፣ ክፍል የሚፈትሸው፣ ስለ ጠባዩ አስተያየት የሚሰጠው ያው ፖሊስ ወይም የእርሱ ባልደረባ ነው። የጠባይ አስተያየት ደግሞ በአመክሮ መፈታትን ይነካል። ስለዚህ ምርመራው በዘገየ በእያንዳንዱ ቀን ሸክሙ የሚከብደው በአንድ ወገን ላይ ነው። አቤቱታውን «ትቼዋለሁ» ብሎ የሚፈርም ታራሚ ሁልጊዜ ታርቆ ነው ማለት አይቻልም። ደክሞት ሊሆን ይችላል፤ ፈርቶም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የማስረጃ ነው። በዱላ የተመታ አካል ላይ የሚታይ የደም መርጋት ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ሐኪም በሦስተኛው ቀን ያየው ቁስልና በሁለተኛው ወር የሚያየው ጠባሳ አንድ ነገር አይናገሩም። ምስክሮቹም ታራሚዎች ናቸው፤ አንዱ ይፈታል፣ ሌላው ይዛወራል። በፌዴራል ደረጃ ከቃሊቲና ከቂሊንጦ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት የተዛወረ ምስክር ከአዲስ አበባ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። ቃሉን ለመቀበል መኪና፣ አበል፣ የጉዞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ፊርማ ሳምንት ይበላል። የፖሊሶቹም ትዝታ ቢሆን በጊዜ ይደበዝዛል፤ ወይም በመካከላቸው ተነጋግረው አንድ ዓይነት ቃል እስኪኖራቸው ይስተካከላል። በዚህ ሁሉ ማብቂያ ላይ ፋይሉ «በቂ ማስረጃ ስላልተገኘ ተዘግቷል» ተብሎ ቢጻፍበት፣ ጽሑፉ እውነት ነው። ነገር ግን ማስረጃው መጀመሪያውኑ አልነበረም ማለት አይደለም። እንዲጠፋ ጊዜ ተሰጥቶታል። ጊዜው ውጤቱን ይወስናል ያልኩት ይህንን ነው።

ሕጋችን ጊዜ መቁጠር አያውቅም ማለት አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 ለምርመራ የሚሰጠው እያንዳንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ያዛል። እንግዲህ መንግሥት ዜጋውን ሲጠረጥር ሰዓት ይቆጠርበታል። ዜጋው በታሰረበት ሆኖ የመንግሥትን ሠራተኛ ሲከስስስ?

የመብቱ ይዘት ግልጽ ነው። አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትን፣ ኢሰብዓዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና የተፈረደባቸው ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸውን በሚጠብቁ ሁኔታዎች የመያዝ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 28 የማሰቃየት ድርጊትን በሰው ልጆች ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች ጋር አስቀምጦ በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም አይታለፍም ይላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 በጥበቃው ሥር ያለን ሰው የሚደበድብ ወይም የሚያሰቃይ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጉዳዩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። ለማረሚያ ቤቶቹ የጥበቃ አባላት አስተዳደር ደንብ ቁጥር 137/1999፣ ለታራሚዎች አያያዝ ደንብ ቁጥር 138/1999፣ ኋላም አዋጅ ቁጥር 1174/2012 ወጥተዋል። ስለዚህ የጎደለን የክልከላ ቃል አይደለም።

ዓለም አቀፉ ሕግም በጊዜ ላይ ጥብቅ ነው። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው ማሰቃየትን የሚከለክለው ስምምነት በአንቀጽ 12 ምርመራው ፈጣንና ገለልተኛ እንዲሆን ያስገድዳል። ሁለቱ ቃላት አይነጣጠሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ደግሞ በደንብ 57 የእስረኛ አቤቱታ ሳይዘገይ ምላሽ እንዲያገኝ፣ ያለ አግባብ ከዘገየም አቤት ባዩ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ሌላ ባለሥልጣን እንዲሄድ ይፈቅዳሉ። ደንብ 71 እንደሚለው፣ በእስር ቤት ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሲደርስ የውስጥ ምርመራ ተጀመረም አልተጀመረም፣ የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ከአስተዳደሩ ውጭ ላለ ነፃ አካል ወዲያውኑ ማስታወቅ አለበት። በድርጊቱ የሚጠረጠሩ ሰዎችም በምርመራው ውስጥ እጃቸውን ማስገባት የለባቸውም።

ወደ ቅርቡ ታሪካችን ልምጣ። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በቂሊንጦ ማረሚያ ቤት እሳት ተነሣ። መንግሥት 23 እስረኞች መሞታቸውን፣ ከእነዚህም ሁለቱ ሊያመልጡ ሲሞክሩ መገደላቸውን ገለጸ። እሳቱን በማስነሳት 38 እስረኞች ተከሰሱ። ተከሳሾቹ በምርመራ ጊዜ ድብደባና ማሰቃየት እንደተፈጸመባቸው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመለከቱ፤ ፍርድ ቤቱም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን እንዲያጣራ አዘዘ፤ ኮሚሽኑም አጣርቶ ሪፖርቱን አቀረበ።

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው አንድ ትምህርት አለ። አቤቱታው ከአጥሩ ውጭ ሊሰማ የቻለው አቤት ባዮቹ ተከሳሾች ስለነበሩና በየቀጠሮው ዳኛ ፊት ስለሚቆሙ ነው። ችሎቱ ለእነርሱ የአቤቱታ በር ሆነላቸው። የተፈረደበት ታራሚ ግን ቀጠሮ የለውም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ የዛሬ ዓመትም ዳኛ ፊት የሚቀርብበት ቀን የለውም። በማረሚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የተረሳው ይህ ሰው ነው፤ የውስጥ የዲሲፕሊን ምርመራም ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ 2010 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር መጨረሻ ላይ የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች አስተዳደር ከፍተኛ ኃላፊዎች ኃላፊነታቸውን ባለመወጣታቸውና የታራሚዎችን መብት ባለማስከበራቸው ከሥልጣን መነሳታቸው ተገለጸ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ብርሃኑ ፀጋዬ ለአምስት ወራት የተካሄደ ምርመራ ውጤትን ለሕዝብ አቀረቡ። በመግለጫው የማሰቃየት ድርጊቶች በዝርዝር ተነገሩ፤ የደኅንነት፣ የፖሊስና የማረሚያ ቤት አባላት የሆኑ ተጠርጣሪዎች መያዛቸውም ታወቀ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ከሥልጣን መነሳት የፖለቲካ ኃላፊነት ነው፤ የዲሲፕሊን ውሳኔ አይደለም። የዲሲፕሊን ውሳኔ ማን፣ በማን ላይ፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ በስም ይለያል፤ ያላደረገውንም በስም ነፃ ያወጣል። ሌላው ነገር፣ ያ ሰፊና ውስብስብ ምርመራ በአምስት ወር ለመግለጫ መድረሱ ነው። ያን ያህል ጉዳይ በአምስት ወር ከተመረመረ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ቀን ተፈጸመ የተባለ ድብደባን ለማጣራት ዓመት የሚያስፈልግበት ምክንያት ሊገባኝ አይችልም። ልዩነቱ የችሎታ አይደለም፤ ጉዳዩን የሚከታተል ዓይን መኖርና አለመኖር ነው።

ስለ ውጤት ስንናገር የቅጣቱን ስም ብቻ ማየት አይበቃም። በሲቪል ሰርቪስ ሕጋችን የምናውቃቸው ቅጣቶች ከቃልና ከጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጀምረው፣ በደመወዝ ቅጣትና ከደረጃ ዝቅ በማድረግ በኩል አልፈው፣ ከሥራ እስከ ማሰናበት ይደርሳሉ። የጥበቃ አባላት በራሳቸው ደንብ ቢተዳደሩም የቅጣት መሰላል የሚለው ሐሳብ ለሁለቱም የጋራ ነው። ነገር ግን ከመሰላሉ ውጭ ያሉ ሦስት ውጤቶችን ማየት ይኖርብናል። አንደኛው ዝውውር ነው፤ ፖሊሱ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ይሄዳል፣ ችግሩም አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛው ውሳኔ ሳይሰጥ በራስ ፈቃድ ሥራ መልቀቅ ነው፤ ፋይሉ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛው የአቤት ባዩ መፈታት ነው፤ «አመልካች በአድራሻው አልተገኘም» ተብሎ ይዘጋል። በሦስቱም ቅጣት የለም፤ ነፃ መውጣትም የለም።

የዲሲፕሊንና የወንጀል ጉዳይ መደራረብም የመዘግየት ምንጭ ነው። «ጉዳዩ በፖሊስ ተይዟል» በሚል የውስጥ ምርመራው ይቆማል፤ ፖሊስም «የተቋሙን ሪፖርት እየጠበቅን ነው» ይላል። ሁለቱ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ወራት ያልፋሉ። የሲቪል ሰርቪስ ሕጋችን የዲሲፕሊን እርምጃ የፍርድ ቤት ክርክርን ሳይጠብቅ ሊወሰድ እንደሚችል የደነገገው በከንቱ አይደለም። የሚጠየቀው የማስረጃ ክብደት የተለያየ ነው፤ ግቡም የተለያየ ነው። ወንጀል ሕግ ሰውየው ይታሰር ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ዲሲፕሊን ግን ይህ ሰው ቁልፍ መያዝ ይገባዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጥያቄ እስከ ነገ ማደር የለበትም።

አሁን ደግሞ ስለ ፖሊሱ ልናገር፤ ይህ አዳራሽ ውስጥ የሙያው አባላት እንዳሉ አያለሁና። የማረሚያ ቤት ፖሊስ ሥራ ከባድ ነው። በሐሰት የሚከሰስም አለ። ፋይሉ ለወራት ያልተዘጋበት ንጹሕ ፖሊስ ዕድገት ሲመጣ ስሙ ሊታለፍ ይችላል፤ ባልደረቦቹ በጎሪጥ ያዩታል፤ ቤተሰቡ ይሳቀቃል። የዘገየ ምርመራ ጥፋተኛውን ይሸሽጋል፤ ንጹሑን ደግሞ ያለ ውሳኔ ይቀጣል። ስለዚህ የጊዜ ገደብ የታራሚው ወገን ጥያቄ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ጥሩ ፖሊስ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ የራሱ መብት ነው።

ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1995 የፌዴራል ዳኛ ቴልተን ሄንደርሰን በፔሊካን ቤይ እስር ቤት ስለነበረው የኃይል አጠቃቀም ታላቅ ውሳኔ ሰጡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የጠባቂዎች «ዝም እንባባል» ልማድ የተሐድሶው ዋና እንቅፋት ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ የተመረጠው መፍትሔ ከእስር ቤቱ አስተዳደር ውጭ የሆነ ዋና ተቆጣጣሪ የዲሲፕሊን ምርመራዎቹን ከመነሻቸው እንዲከታተልና ያየውን በየጊዜው ለሕዝብ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። በግዛቱ ሕግ መሠረት፣ ከተዘረዘሩ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ጥፋቱ ከታወቀ በ1 ዓመት ውስጥ ምርመራው ካልተጠናቀቀና ፖሊሱ ስለታሰበው ቅጣት ካልተነገረው ቅጣት መጣል አይቻልም።

ይህ ገደብ ሁለት ስለት አለው። መርማሪውን ያተጋል፤ ነገር ግን መርማሪው ቸልተኛ ከሆነ ጥፋተኛውን በነፃ ይለቃል። ስለዚህ ገደብ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። መድኃኒቱ ገደቡ ሲጣስ የሚያይ የውጭ ዓይን ነው። እኛ ዘንድ ይህን ዓይን ለመሆን በሕግ የተዘጋጀ ተቋም አለ። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው፣ በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 ሥልጣኑ የተጠናከረው የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ወደ ማረሚያ ቤት የመግባት ሥልጣን አለው። የሚያየው ግን የዕለቱን ሁኔታ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ መዝገቡንም ማገላበጥ አለበት።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ በጀት የማይጠይቅ ነው። በእያንዳንዱ የዲሲፕሊን ፋይል ሽፋን ላይ አራት ቀኖች ይጻፉ። አቤቱታው የደረሰበት ቀን፤ ሐኪም አቤት ባዩን ያየበት ቀን፤ ምርመራው የተጠናቀቀበት ቀን፤ ውሳኔው ለሁለቱም ወገኖች በጽሑፍ የተነገረበት ቀን። ከእነዚህ ቀጥሎ ውጤቱ በአንድ ቃል ይስፈር። በዓመቱ መጨረሻ የሰዎቹ ስም ሳይጠቀስ ቁጥሮቹ ብቻ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለሕዝብ ይቅረቡ። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ቀን ያለው ርቀት በሰዓት ቢቆጠር ይሻላል፤ ቁስል ቀጠሮ አይጠብቅምና።

አቆጣጠሩ ላይ ለተማሪዎቼ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው ስለ አማካይ ነው። ለምሳሌ ያህል ከአሥር ፋይሎች ዘጠኙ እያንዳንዳቸው በ30 ቀን፣ አንዱ ግን በ3 ዓመት ቢያልቅ፣ አማካዩ ወደ 137 ቀን ይጠጋል። ይህ ቁጥር ከአሥሩ ፋይሎች የአንዱንም እውነት አይናገርም። ስለዚህ ፋይሎቹ በዕድሜ ተደርድረው መካከል ላይ የሚውለውና ከሁሉ የዘገየው ለየብቻ ይገለጹ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ስላልተዘጉ ፋይሎች ነው። የተዘጉትን ብቻ የሚቆጥር ተቋም ከባዱን ፋይል በመሳቢያ ትቶ ቀላሉን በመዝጋት ፈጣን ሊመስል ይችላል። ዋናው ጥያቄ መሳቢያው ውስጥ ያለው ፋይል ስንት ዓመቱ ነው የሚለው ነው።

ከማጠቃለሌ በፊት ስለዚህ ሠፈር ስም አንድ ነገር ልጨምር። ሜክሲኮ አደባባይ ይህን ስም ያገኘው ያቺ አገር የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ ባለመቀበሏ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሜክሲኮ ሲቲም በአገራችን ስም የተሰየመ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። የጣቢያው ሙሉ ስም ዛሬ «ኢትዮጵያ፣ የግልጽነት አደባባይ» የሚል ነው። ሁለተኛው የስሙ ክፍል ለእኛም ቢተርፈን እወዳለሁ። ግልጽነት ስል የሰውን ገመና አደባባይ ማውጣት ማለቴ አይደለም። መንግሥት ለታሰረ ዜጋው መልስ ለመስጠት ስንት ቀን እንደፈጀበት ሳያፍር መናገር ማለቴ ነው።

አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። የተቋም መዝገብ ግን ከወጊውም ከተወጊውም ወገን አይደለም፤ የሁለቱንም ሳይረሳ ሊያስታውስ የሚችለው እርሱ ብቻ ነው። ቀን ያልተጻፈበት ፋይል ማስታወስ አይችልም። በየማረሚያ ቤቱ መዝገብ ቤት ያላችሁ ባለሙያዎች፣ ነገ ጠዋት ያለ ማንም ፈቃድ ልትጀምሩት የምትችሉት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ቀኑን ጻፉ።